ኤይሄይጂ፦ ማድ ቤቱ የትምህርት ጉባኤ የሆነበት ገዳም

ኤይሄይጂ በጃፓን ፉኩይ ግዛት፣ ጥንታውያን ዛፎች በከበቡት ተራራማ ስፍራ የሚገኝ የቡድሂስት ገዳም ሲሆን፣ ሶጂጂ ከተባለው ገዳም ጋር፣ ሶቶ ዜን የተባለው የቡድሂስት ወገን ሁለት ዋና መንበሮች ከሚባሉት አንዱ ነው። የመሠረተው መነኩሴ ዶገን (1200–1253 እ.ኤ.አ.) ነው። በ1244 ሲተከል ዳይቡትሱጂ ይባል ነበር፤ የአሁኑን ስም ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የዚህን ገዳም ትምህርት ለመረዳት ከመቅደሱ ይልቅ ከማድ ቤቱ መጀመር ይሻላል። ዶገን በ1223 ለትምህርት ወደ ቻይና ተሻግሮ ገና በመርከቡ ላይ ሳለ፣ የአንድ ገዳም መጋቢ (የማድ ቤት ኃላፊ) የሆኑ የ61 ዓመት መነኩሴ ለማኅበሩ ምግብ የሚሆን እንጉዳይ ሊገዙ መጡ። ወጣቱ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ተመስጦንና የመጻሕፍት ጥናትን ትተው በማብሰል ስለ ምን እንደሚደክሙ ቢጠይቃቸው፣ ሽማግሌው ስቀው ትምህርት ምን እንደሆነ ገና እንዳልገባው ነገሩት። አብረውት እንዲያድሩ ቢለምናቸውም የነገው ምግብ እንዳይጓደል ብለው ተመለሱ። በሌላ ጊዜም እንዲሁ የ68 ዓመት አዛውንት በቀትር ፀሐይ ባርኔጣ እንኳ ሳይደፉ እንጉዳይ ሲያሰጡ አይቶ፣ ሥራውን ለረዳት የማይሰጡት ስለ ምን እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ሌላው ሰው እኔ አይደለም አሉት። ይህ አጭር መልስ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ራስን የማነጽ ሥራ በውክልና እንደማይሠራ በግልጽ ያሳያልና።

ዶገን ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1237፣ ለገዳም መጋቢዎች መመሪያ ጻፈ። መጋቢው አንዲት የሩዝ ፍሬ እንዳትባክን ይጠነቀቃል፤ የቀረበለት ጎመን ተራ ቢሆን አይንቀውም፣ ምርጥ ቢሆንም አይኩራራበትም። ሥራውን በደስታ፣ ወላጅ ለልጁ በሚያስበው ሐሳብና እንደ ተራራ በማይናወጥ ሰፊ ልብ ይፈጽም ዘንድ ይጠበቅበታል። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው የዶገን እምነት፣ ልምምዱና በእርሱ የሚፈለገው መንፈሳዊ ንቃት አንድ እንጂ መንገድና መድረሻ አለመሆናቸው ነው።

ዛሬም «ደመናና ውሃ» የሚባሉት በአመክሮ ላይ ያሉ መነኮሳት ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ዛዜን ለተባለው ተመስጦ ይቀመጣሉ፤ ቀጥሎም ወለል ይወለውላሉ፣ ያበስላሉ፣ ከበሉም በኋላ ሳህናቸውን እዚያው በተቀመጡበት ያጥባሉ። በተመስጦው አዳራሽ፣ በመታጠቢያውና በመጸዳጃው መነጋገር ክልክል ነው። ዶገን ከወንዙ በጭልፋ ከቀዳው ውሃ የተረፈውን ግማሽ መልሶ ወደ ወንዙ ያፈስ ነበር ይባላል፤ የገዳሙ ድልድይም እስከ ዛሬ «የግማሽ ጭልፋ ድልድይ» ይባላል።