«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል»፤ የዋሻው ሥዕልስ?

ይህቺን አባባል የምንሰማት አብዛኛውን ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ለወዳጁ ብር ሲያበድር «በእኔና በአንተ መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል» ያለ ሰው፣ በዓመቱ «መቼ ሰጠኸኝ?» ሲባል፣ አጠገቡ ያለው ሰው ጣል ያደርግበታል። ትርጉሟ ግልጽ ነው። በአፍ የቀረ ይጠፋል፣ የተጻፈ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

«ይረሳል» እና «ይወረሳል» ደግሞ ቤት የሚመቱት ለማማር ብቻ አይመስለኝም። ሁለተኛዋ የውርስ ቃል ናት፤ የመሬት፣ የከብት፣ የኑዛዜ። ሽማግሌው አልጋ ላይ ሆኖ «ይህ ለእገሌ፣ ያ ለእገሊት» ብሎ ያርፋል፣ ምስክሮቹ ሲያረጁ ሙግቱ ይጀመራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የቃል ኑዛዜን ይቀበላል፤ ተናዛዡ ከተናዘዘ 3 ወር አልፎት በሕይወት ካለ ግን ኑዛዜው ይፈርሳል። 3 ወር! (የሚያስቀው፣ አባባሏ ራሷ እኛ ዘንድ የደረሰችው በቃል ነው።)

እኔ ይህቺን አባባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የዋሻ ሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ አራት ልጆች የላስኮን ዋሻ አገኙ። ግድግዳው ፈረስ፣ ኮርማ፣ አጋዘን በአጋዘን ነው። ዕድሜው ወደ 17 ሺህ ዓመት ይጠጋል። እንግዲህ ይህ ተወርሷል። አብሮት የነበረው ቃል ነው የጠፋው።

አንዷን ሥዕል ልንገራችሁ። ዋሻው ውስጥ ወደ ታች የሚወረድበት ጉድጓድ አለ። እዚያ ጎሽ የሚመስል ባይሰን ተስሏል፣ ሆዱ ተዘርግፎ አንጀቱ ተንጠልጥሏል። ከፊቱ አንድ ሰው ወደ ኋላ ተንጋሏል፣ ራሱ ግን የወፍ ራስ ነው። ከስሩ እንጨት ላይ ወፍ ቆማለች። ሰውየው ሞቷል? ሕልም ላይ ነው? የሳለው ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርስልን ነበር።

እሱ ስለሌለ ምሁራን ገቡበት። ቄሱ አንሪ ብሮይ «አደን እንዲቀና ነው» አሉ፤ አውሬውን ግድግዳ ላይ ከያዝከው ሜዳ ላይም ትይዘዋለህ እንደማለት። ደስ ይላል። ችግሩ ላስኮ ውስጥ ከተገኘው የምግብ ትራፊ አጥንት አብዛኛው ሬንዲር የሚባለው የብርድ አገር አጋዘን ነው፣ ግድግዳው ላይ ግን ሬንዲር የሚባል አንድ ቢገኝ ነው። የሚበሉትን ካልሳሉ፣ ታዲያ የምኑ አደን?

አሁን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ እንሂድ፣ ድራከንስበርግ ተራራ። አለቱ ላይ ኢላንድ የሚባለው ትልቅ የዱር እንስሳ እየሞተ ነው፤ ራሱን ደፍቶ የኋላ እግሮቹን አጣምሯል። ጅራቱን የያዘው ሰውም እግሩን እንደዚያው አጣምሯል፣ እግሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ሰኮና አለ። ይሄኛው ከላስኮ ይልቅ ይነበባል። ለምን ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ቪልሄልም ብሊክና ሉሲ ሎይድ የሚባሉ ሰዎች ኬፕታውን ውስጥ ሳን ከሚባለው፣ አለቱ ላይ ከሳለው አዳኝ ሕዝብ የሆኑ እስረኞችን ቤታቸው አምጥተው የሚያወሩትን በየደብተሩ ጻፉት፣ በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ሞላ። ከዚያና በኋላ ካላሃሪ በረሃ ካሉት ሳኖች ከተሰበሰበው ወግ፣ ፈዋሹ ጭፈራ ላይ ሲመሰጥ «ሞተ» እንደሚባል ታወቀ። የአለት ሥዕል ተመራማሪው ዴቪድ ሉዊስ-ዊሊያምስ ይህን ይዞ ሥዕሉን ተመለከተ፤ እንስሳውም ሰውየውም አብረው እየሞቱ ነው። ላስኮንም በዚሁ ቁልፍ ልክፈት ሲል ግን እኔ እዚያ ላይ አልከተለውም። የሳንን ቃል ሰው ጽፎታል፣ የላስኮን ማንም አልጻፈውም።

የእኛም አገር አለ። ድሬዳዋ አካባቢ ለገ ኦዳ የሚባል የአለት ጥላ ውስጥ ከብቶች ተስለዋል፤ ቀንዳቸው ረጅም፣ ሻኛ የላቸውም። የዛሬዎቹ ሻኛ አላቸው። ሌላ ዓይነት ከብት እንደነበረ ሥዕሉ ብቻውን ነገረን። ቦራ ትሁን ዳለቻ፣ ባለቤቷ ምን ብሎ ይጠራት እንደነበር ግን አለቱ ላይ የለም።