የሟች ገንዘብና የባንክ መስኮት፦ በድሬዳዋ ለቅሶ ቤት የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አጎቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ያረፉት እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታቸው ከፊቱ ሁለት ሱቅ አለው፤ ሁለቱም የተከራዩ ናቸው። ባንክ ደግሞ የቁጠባ ሂሳብ ነበራቸው። አራት ልጆች ትተዋል፤ አንዷ ጅቡቲ፣ አንዱ ሐረር፣ አንዱ እዚሁ ሳቢያን ሰፈር፣ የመጨረሻዋ ያኔ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ልጆቹ እርስ በርስ እንዳይጠራጠሩ ብለው እኔ ውርስ አጣሪ፣ ማለትም የሟችን ዕዳና ንብረት አጣርቶ እስኪከፋፈል የሚያስተዳድር ሰው፣ እንድሆን ተስማሙ፤ ፍርድ ቤቱም ሾመኝ።

የፈራሁት ዕዳ ጠያቂ እንዳይበዛ ነበር። ዕዳው በሁለት ሳምንት ተጣራ። ያደከመኝ የሱቆቹን ኪራይ የማስቀምጥበት፣ የእኔም የልጆቹም የግል ያልሆነ አንድ የባንክ ሂሳብ ማስከፈት ነው። ለዚያ አንድ ደብተር ሦስት ባንክ ደጅ ጠናሁ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት በተቀመጥኩ ቁጥር ሰው የሚመካከረውን ስሰማ ሆዴ ይባባል፤ እኔ የተሳሳትኩትን ሌላው ሊሳሳተው ነውና። የምሰማውን እያነሳሁ እውነታውን ከሥሩ ላስቀምጥ።

«ካርዱ እጄ ላይ ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩንም አውቀዋለሁ»

ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌባ አይደለም። ድንኳን ተተክሏል፣ ለቀስተኛ ይመጣል፣ ወጪ አለ፤ ካርዱንም አባት ታመው ሳሉ በእጃቸው የሰጡት ለእሱ ነው። ነገር ግን ሰውየው ካረፉበት ሰዓት ጀምሮ በሂሳቡ ያለው ገንዘብ የውርሱ ሀብት ሆኗል። በእሱ ላይ ሁሉም ወራሾች፣ ገንዘብ ያበደሩም ጭምር መብት አላቸው። ቁጥሩን ማወቅ ለማውጣት ፈቃድ አይሆንም። ከሞቱ ማግስት የወጣች እያንዳንዷ ብር በሂሳብ መግለጫው ላይ ከነቀኗ ትታያለች፤ ከወራት በኋላ ወንድምና እህት የሚካሰሱትም በእሷ ነው። በስልክ ባንክና በቴሌብር ያለውም ገንዘብ እንደዚሁ ነው።

ለቀብር ያወጣ ሰው ገንዘቡ አይቀርበትም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውርሱ ሀብት አስቀድሞ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ቀጥሎ የአስተዳደርና የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ። የመጀመሪያውን ቀን እድሩ፣ በሐረሪዎች ዘንድ ደግሞ አፎቻው ይሸከመዋል። ከኪሱ የጨመረ ሰው ደረሰኙን ይያዝ፤ ኋላ ይተካለታል።

«እኔማ ሙሉ ውክልና አለኝ»

ውክልና ከወካዩ ጋር ያበቃል። ምንም ያህል ማኅተም ቢያርፍበት፣ ምንም ያህል «ጠቅላላ ውክልና» ቢባል፣ የሰጠው ሰው ሲሞት ወረቀት ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ በቅን ልቦና ገንዘብ ያንቀሳቀሱ፣ ኋላ በፍርድ ቤት አንገታቸውን ደፍተው የቆሙ ሰዎች አይቻለሁ።

«የሆስፒታሉ ወረቀትና የእድሩ ደብዳቤ ይበቃሉ»

አይበቁም። ባንክም ፍርድ ቤትም የሚፈልጉት የሞት የምስክር ወረቀት ነው፤ የሚሰጠውም በቀበሌ ያለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የሆስፒታሉ ወረቀት ለዚያ ማስረጃ ይሆናል። እግረ መንገዳችሁን ስሙን በትኩረት አንብቡት። ለምን እንደምል ከታች እመለስበታለሁ።

«የወራሽነት ማስረጃ ካወጣን አልቋል»

ብዙ ቤተሰብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 መሠረት የሚሰጠው የወራሽነት የምስክር ወረቀት የሚናገረው «ወራሹ ማን ነው፣ ድርሻውስ ስንት ነው» የሚለውን ነው። ወራሾቹ ሁሉም አዋቂ ከሆኑ፣ ከተስማሙ፣ ዕዳም ኪራይም ከሌለ፣ ይህን ይዘው ባንክ ሄደው ድርሻ ድርሻቸውን መውሰድ ይችላሉ። እንዲህ ላለው ቤተሰብ በፍርድ ቤት አጣሪ ማሾም ጊዜ መፍጀት ነው እላለሁ።

አጣሪ የሚያስፈልገው ሥራ ሲኖር ነው፦ ኑዛዜ መኖሩን ማጣራት፣ ንብረት መቁጠር፣ የሟችን ዕዳ መክፈል፣ ለሟች የሚገባውን መሰብሰብ፣ እስኪከፋፈል ድረስ ማስተዳደር። የአጣሪነት ሹመት «ማን ይሥራ» ለሚለው መልስ ይሰጣል፤ «ማን ይውሰድ» ለሚለው አይደለም። እኔ መጀመሪያ ባንክ የሄድኩት የልጆቹን የወራሽነት ማስረጃ ይዤ ነው። «አንተ ስምህ እዚህ የለም» ተባልኩ። በሁለተኛው ሹመቴን ብቻ ይዤ ሄድኩ። «ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ አናውቅም» ተባልኩ። ሁለቱንም በአንድ ቦርሳ ያዙ።

የሟች ሂሳብ ውስጥ ስንት እንዳለም ባንክ ለጠየቀ ሁሉ አይናገርም፤ የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው። ፍርድ ቤቱ ለባንኩ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ባንኩ በደብዳቤ ይመልሳል። አንድ ባንክ ብቻ ነበራቸው ብላችሁ አትገምቱ፤ የአጎቴን ሁለተኛ ሂሳብ ያገኘነው ትእዛዙ ለሌላም ባንክ እንዲጻፍ ስለጠየቅን ነው።

«ኪራዩን አጣሪው በራሱ አካውንት ቢያስገባው ምን አለበት?»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ምክሩ የሚመጣው ከቅርብ ሰው ነውና። እንዲያውም አንድ የባንክ ሠራተኛ ራሱ «በስምህ ክፈትና ተጠቀምበት፣ ማን ያይሃል» ብሎኛል።

ውርስ እስኪጣራ ድረስ ራሱን የቻለ፣ ከወራሾቹም ከአጣሪውም ሀብት የተለየ ሀብት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 942 የሚለው ይህንን ነው። ኪራዩን ከደመወዜ ጋር ባደባልቀው፣ እኔ ዕዳ ቢኖርብኝ በእኔ ስም ባለው ሂሳብ ላይ እግድ ይመጣል፤ የልጆቹ ገንዘብ በእኔ ጣጣ ይታሰራል። እኔ ብሞት ደግሞ ያ ገንዘብ ከእኔ ውርስ ጋር ይቆጠራል። እነሱ የአባታቸው መሆኑን ለማስረዳት ከልጆቼ ጋር ሊካሰሱ ነው። ያም ባይመጣ፣ ሒሳብ አቅርብ ስባል የትኛው ብር የማን እንደነበር በምን ላሳይ?

የመጀመሪያው ባንክ ላይ ያስተናገደችኝ ልጅ ትሑት ነበረች። ቅጹን አገላብጣ አሳየችኝ። የግለሰብ አለ፣ የንግድ ድርጅት አለ፣ የማኅበር አለ፤ የውርስ የሚል ቦታ የለም። «ጋሼ፣ የሞተ ሰው ፊርማ ከየት ይመጣል?» አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ሟች ደንበኛ አይሆንም፤ ባንኩ የሚያውቀው፣ መታወቂያ የሚያቀርብና የሚጠየቅ ሰው ይፈልጋል። ሦስተኛው ባንክ «ዋናው መሥሪያ ቤት ይጠየቅ» ብሎ ለሳምንታት አቆየኝ።

የጎደለው እኔው ይዤ የዞርኩት ውሳኔ ውስጥ ነበር። ውሳኔው «ውርስ አጣሪ ሆኖ ተሹሟል» ይላል፤ ስለ ባንክ ሂሳብ አንዲት ቃል የለበትም። ሠራተኛው በራሱ ኃላፊነት እንዲተረጉመው መጠየቅ ይከብዳል፤ ቢሳሳት እሱ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤቱ ተመልሼ አጭር አቤቱታ አቀረብኩ፤ የሱቆቹ ኪራይ በየወሩ እየገባ መሆኑን፣ ማስቀመጫ እንደሌለ፣ ከወራሾቹ አንዷ ለአካለ መጠን ያልደረሰች መሆኗን ገለጽኩ። ትእዛዙ በስም ለባንኩና ለቅርንጫፉ ተጻፈ። ሂሳቡ በእኔ ስም ሆኖ «የሟች እገሌ ውርስ አጣሪ» የሚል እንዲጨመርበት፣ የመዝገቡ ቁጥር እንዲጠቀስ፣ ወጪ ሲደረግ ከእኔ ጋር የሐረሩ ልጅ አብሮ እንዲፈርም ይላል። ሁለት ፊርማ እንዲሆን የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሰጠኝ እሱ ነው። ካርድና የስልክ ባንክም አላስፈለገንም፤ እያንዳንዱ ወጪ በወረቀት ይሁን ብለን ተስማማን። ባንኩ የእኔን የፋይዳ መታወቂያ፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ ሹመቱንና የወራሽነት ማስረጃውን ኮፒ አድርጎ፣ ዋናውን አይቶ፣ በአንድ ጠዋት ጨረሰው።

ለዚህ ነው አጣሪ ለማሾም ለምትሄዱ ሁሉ የምለምነው፦ ሹመቱን ስትጠይቁ በዚያው አቤቱታ የሂሳቡንም ነገር ጠይቁ። እኔ ሁለት ጊዜ የሄድኩበትን መንገድ እናንተ አንድ ጊዜ ሂዱት።

«ስሙ ትንሽ ቢለያይ ሰው ያውቀዋል»

ሰፈር ያውቀዋል፤ ባንክ አያውቀውም። በእኛ ከተማ ይህ ከየትም የባሰ ይመስለኛል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ፣ ዐረብኛ በአንድ ግቢ በሚነገርበት አገር አንድ ሰው እቤት አብደላ፣ ቀበሌ አብዱላሂ፣ ባንክ አብዱላሒ ይሆናል። የአጎቴ አባት ስም በአንዱ ሰነድ ወልደሚካኤል፣ በሌላው ወልደ ሚካኤል፣ በባንኩ ወ/ሚካኤል ነው። የድሮው የምድር ባቡር መታወቂያቸው ደግሞ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነው፤ በላቲን ፊደል ባንኩ ከያዘው ጋር አይገናኝም።

መፍትሔው ከመነሻው ነው። የወራሽነት አቤቱታ ላይ «በባንክ እንዲህ፣ በመታወቂያ እንዲህ ተብለው የሚጠሩት ሟች አንድ ሰው ናቸው» ብላችሁ ጻፉ፤ ምስክሮችም ይህንኑ እንዲያስረዱ ጠይቁ፤ ውሳኔው ሁሉንም አጠራር እንዲጠቅስ አመልክቱ። ውሳኔ ከወጣ በኋላ ለማስተካከል መመለስ አድካሚ ነው።

«ሚስት ከባሏ ግማሹን ትወርሳለች»

ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ ያፈሩት የጋራ ነው። ግማሹ ቀድሞም የእሷ ነው፤ ውርስ የሚባለው የሟች ግማሽ ብቻ ነው። ኑዛዜ ከሌለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ የትዳር ጓደኛ በሕግ ወራሽ አይደለችም። በድሬዳዋ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ ሲሆን ሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ሟቹ ሙስሊም ሆነው ባለጉዳዮቹ ፈቅደው ጉዳያቸውን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከወሰዱት ስሌቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ሚስት ትወርሳለች፦ ልጅ ካለ አንድ ስምንተኛ፣ ከሌለ አንድ አራተኛ። ዋናው ነገር ፈቃድ ነው፤ ማንም ተጎትቶ አይሄድም።

ባንኩ ሂሳቡ በአጎቴ ስም ብቻ ስለሆነ የባለቤታቸውን ግማሽ ለይቶ አያውቅም። አጣሪው ነው ለይቶ ማሳየት ያለበት። የልጆቹ እናት «የእኔን ቀድማችሁ ስጡኝ» ብለው አልጠየቁም፤ ለመጠየቅም ያፍራሉ። እኛ ነን መጠየቅ የነበረብን።

«የባንኩን ብር ለእኔ ነው ብለውኛል፤ በቃላቸው»

የቃል ኑዛዜ በሕጉ አለ፤ ሁለት ምስክር ይፈልጋል። ወሰኑ ግን ጠባብ ነው፦ ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት፣ ከዚያም እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ። የቁጠባ ሂሳብ በቃል አይተላለፍም።

«ጡረታውም ከውርሱ ጋር ይከፋፈላል»

በሞቱ ምክንያት ለቤተሰብ የሚከፈል ጡረታ ከውርስ አይቆጠርም፤ ሚስት የራሷን ማመልከቻ ለማኅበራዊ ዋስትና ታቀርባለች። የሕይወት ኢንሹራንስ ካለ ደግሞ ተጠቃሚው በስም ከተጻፈ ገንዘቡ የእሱ ነው፤ ካልተጻፈ ወደ ውርሱ ይገባል። ሁለቱንም ወደ አጣሪው ሂሳብ ማስገባት ስሕተት ይሆን ነበር።

«ጅቡቲ ያለችው ካልመጣች ምንም አይሠራም»

ይሠራል። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት የፈረመችው ውክልና እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫ ሲመዘገብ ይበቃል። በስልክ «ተስማምቻለሁ» ማለቷ ግን ለባንክ ምንም አይደለም። ውክልናው ውስጥ «ከባንክ ገንዘብ መቀበል» የሚለው በግልጽ ይጻፍ፤ ያለዚያ ሌላ ዙር ያስኬዳል።

«የትንሿን ድርሻ እናቷ ትያዝላት»

እናት የልጇ ሞግዚት ናት፤ ስለ ፍቅሯ ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን ችግር ሲመጣ በእጅ ያለ ገንዘብ ይነካል፤ በእናትም እጅ ቢሆን። ፍርድ ቤቱን የልጅቷ ድርሻ በስሟ በዝግ ሂሳብ እንዲቀመጥ ጠየቅን። ለትምህርት ወይም ለሕክምና ካስፈለገ እናቷ ለፍርድ ቤቱ አመልክታ የሚያስፈልገውን ያህል ታስወጣለች።

ሥራዬን ስጨርስ የገባውንና የወጣውን በየወሩ ከነደረሰኙ ለፍርድ ቤቱ አቀረብኩ፤ ልጆቹም አይተው ፈረሙ። ያ ሦስት ባንክ ያዞረኝ ሂሳብ በትእዛዝ ተዘጋ። የትንሿ ደብተር አሁን እናቷ ሣጥን ውስጥ ነው፤ 18 ዓመት ሲሞላት መታወቂያዋን ይዛ ራሷ ትሄዳለች።