«መዝገቤ ይዛወርልኝ»፦ ስለ ጉዳይ ማዛወር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፍርድ ቤት ደጃፍ ከተደረደሩት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ዘንድ ሩብ ሰዓት የተቀመጠ ሰው «ይዛወርልኝ» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይነሳም። ዳኛው ፊት የነሱት የመሰለው ባለጉዳይ ይዛወርልኝ ይላል። ክሱ «ሥልጣን የለንም» ተብሎ የተዘጋበትም ይዛወርልኝ ይላል። አዲስ አበባ የተፈረደለት፣ ባለዕዳው ግን ያለ የሌለ ንብረቱን ሐዋሳ ያኖረበትም ያንኑ ቃል ይደግማል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚጠይቁት ነገር ግን የተለያየ ነው፤ ሕጉም ለእያንዳንዱ የተለየ በር አበጅቶለታል። በጥብቅና ሥራ ላይ በቆየሁበት ጊዜ ያየሁት ብዙ ልፋት የመጣው የማይከፈተውን በር ደጋግሞ ከማንኳኳት ነው። እስቲ የሚደጋገሙትን እንያቸው።

«ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ከሌለው መዝገቡን ራሱ ለሚመለከተው ይልካል»

ይሄ ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳበት ነው። ደብዳቤ በስህተት ሌላ ቢሮ ቢገባ መዝገብ ቤቱ መርቶ ይልከዋል፤ ፍርድ ቤትም እንደዚያ የሚሠራ ይመስላል። አይሠራም። ሥልጣን የለኝም ያለ ፍርድ ቤት መዝገቡን ይዘጋና በብይኑ መጨረሻ «ከሳሽ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ክስ የማቅረብ መብቱ የተጠበቀ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣል። «የተጠበቀ ነው» ማለት «ሄደህ ራስህ ክፈት» ማለት ነው። አዲስ ክስ ይጻፋል፣ ማስረጃ እንደገና ይያያዛል፣ አዲስ የመዝገብ ቁጥር ይወጣል፣ መጥሪያ እንደገና ይሰጣል።

አንድ ደንበኛዬ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ። መጥሪያ ከሌላው ፍርድ ቤት ይመጣልኛል ብሎ ወራት ጠበቀ። የሚመጣ ነገር እንደሌለ የገባው የመኪና አደጋ ካሳ ጥያቄው የ2 ዓመት የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት ገደብ፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ከሥራ ያለ አግባብ ተሰናብቼአለሁ፣ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ደግሞ ያለው 3 ወር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክስ ይርጋውን አቋርጦታል ወይስ አላቋረጠውም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ስለሚወልድ፣ መዝገብ በተዘጋ ማግስት አዲሱን ክስ ማስገባት ይሻላል። ክሱ ሲከፈት የከፈሉበትን የዳኝነት ደረሰኝም አይጣሉት፤ ስለ ተከፈለው ገንዘብ የሚጠየቀው መዝገቡን የዘጋው ፍርድ ቤት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ስህተት በተለይ ይበዛል፤ ከተማዋ ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤት ስላላት። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከተማዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ የከተማውን ፍርድ ቤቶች አቋቁሞ የተወሰኑ ጉዳዮችን ሰጥቷቸዋል። አባት ሲሞት የወራሽነት ማረጋገጫ የሚወጣው ከከተማው ፍርድ ቤት ነው። ወንድምና እህት ቤቱን እንካፈል ብለው ሲጣሉ ግን ክርክሩ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ማረጋገጫውን ያወጡበት ችሎት ላይ «አሁን ደግሞ አካፍሉን» የሚሉ ቤተሰቦች ስንት ናቸው! ሁለቱ ፍርድ ቤቶች በሥልጣን ከተጋጩ ፈቺው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

«ሁለታችን ከተስማማን የትም ይታይልናል»

ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ያሳስታል። ሕጉ ሁለት ዓይነት ሥልጣን ይለያል። አንዱ የሥረ ነገር ሥልጣን ነው፤ የጉዳዩን ዓይነትና የገንዘቡን መጠን ያያል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለውን የፍትሐ ብሔር ክስ ያያል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። በቀድሞው አዋጅ፣ በ25/1988፣ ወሰኑ 500,000 ብር ነበር፤ ዛሬም ይህን የድሮ ቁጥር ይዞ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚሰለፍ ሰው አያለሁ። በዚህ ላይ ስምምነት ዋጋ የለውም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 9 እንደሚለው፣ ተከሳሽ ባይቃወምም እንኳ ፍርድ ቤቱ የሥረ ነገር ሥልጣን እንደሌለው ባወቀ ጊዜ ጉዳዩን ማቆም አለበት።

ሌላው የአካባቢ ሥልጣን ነው፤ የትኛው ከተማ፣ የትኛው ወረዳ የሚለውን ያያል። መነሻው ተከሳሽ የሚኖርበት ወይም የሚሠራበት ቦታ ነው፤ የውል ክርክር ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ይቀርባል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ንብረቱ ባለበት ይሄዳል። እዚህ ላይ ዝምታ ራሱ መስማማት ነው። በአንቀጽ 10 መሠረት ተቃውሞው በመጀመሪያው አጋጣሚ መነሳት አለበት። አዳማ መከሰስ ሲገባው አዲስ አበባ የተከሰሰ ሰው የአካባቢ ሥልጣን ተቃውሞውን በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለትም ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት በሚቀርበው ተቃውሞ፣ ሳያነሳ ፍሬ ነገሩን ከተከራከረ፣ ሲፈረድበት «እኔ እኮ የአዳማ ሰው ነኝ» ቢል የሚሰማው አያገኝም። ፍርድ በዚህ ምክንያት ብቻ የሚሻረው ፍትሕ ሲጓደል ነው። ስለዚህ የመከላከያ መልስ የሚጽፍልዎ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅዎ አድራሻዎን ካልሆነ ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ።

«ዳኛውን ካላመንኩት መዝገቡ ወደ ሌላ ፍርድ ቤት ይሄዳል»

እዚህ ላይ ሁለት አቤቱታዎች ይደባለቃሉ። አንዱ «ዳኛው ይነሱልኝ» ነው። ዳኛው ከተከራካሪው ወይም ከጠበቃው ጋር በሥጋ ወይም በጋብቻ ከተዛመዱ፣ በዚያው ጉዳይ ቀድሞ በጠበቃነት፣ በሞግዚትነት ወይም በዳኝነት ተሳትፈው ከሆነ፣ ከአንዱ ወገን ጋር ሌላ ክስ ካላቸው፣ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ካለ ይነሣሉ። አቤቱታው የሚቀርበው እዚያው ፍርድ ቤት፣ ምክንያቱ እንደታወቀ ነው። ሦስት ቀጠሮ ዝም ብሎ፣ ብይኑ ሲከፋ «ዘመዱ ነው» ማለት ጉዳዩን ያስጠረጥራል። ተቀባይነት ካገኘ መዝገቡ ወደ ሌላ ችሎት ያልፋል እንጂ ከተማ አይቀይርም።

እውነተኛው «ይዛወርልኝ» ሌላ ነው፤ የሚጠየቀውም ከበላይ ፍርድ ቤት ነው። ከአንድ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው፣ ወይም ወደ ራሱ፣ የሚያዛውረው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከአንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ወይም ወደ ራሱ የሚያዛውረው ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። በክሱ ላይ የተቀመጡት ዳኛ «እሺ፣ ወደ ጎንደር ልኬዋለሁ» የማለት ሥልጣን የላቸውም፤ እሳቸውን መለመን ጊዜ ማጥፋት ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዐቃቤ ሕጉም ተከሳሹም ይህን እንዲጠይቁ ሲፈቅድ ምክንያቶቹን ዘርዝሯል፦ በዚያ ቦታ ከአድልዎ ነጻ የሆነ ዳኝነት አይገኝም የሚል፣ ያልተለመደ አስቸጋሪ የሕግ ጥያቄ ይነሣል የሚል፣ የተከራካሪዎችና የምስክሮች ጠቅላላ አመቺነት። ጠቅላላ የሚለው ይሠመርበት። የእኔ ትራንስፖርት ውድ ነው ብቻ ከሆነ፣ አምስት ምስክር ወደ እርስዎ ከተማ ከሚመጣ እርስዎ ቢሄዱ ይቀላል ይባላሉ። በአድልዎ ላይ የሚቀርበውም ቢሆን የሚቆመው በምን እንደታየ፣ መቼ እንደታየ ሲገለጽ ነው፤ «ከተማው በሙሉ ጠላቴ ነው» ማለት አያደርስም።

«የማዛወር አቤቱታ ካስገባሁ ቀጠሮው ቀርቷል»

አልቀረም። የበላዩ ፍርድ ቤት ክርክሩ ይቁም የሚል ትእዛዝ ሰጥቶ ያ ትእዛዝ ለሥር ፍርድ ቤቱ እስካልደረሰ ድረስ ቀጠሮው ቀጠሮ ነው። ያልቀረበ ከሳሽ ክሱ ሊሰረዝበት ይችላል፤ ያልቀረበ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ይሰማል። አቤቱታውን ይዘው እንኳ ችሎት ይቅረቡ።

«የፌዴራል ጉዳይ ከሆነ አዲስ አበባ መምጣቱ አይቀርም»

ባሕር ዳር ወይም ጅማ የሚኖር ሰው የያዘው ጉዳይ የፌዴራል ነው ሲባል ሻንጣውን ያዘጋጃል። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 78 እና 80 ይህን አስቦበታል። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን በክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና ይሠራበታል። አንዱ ችሎት ጠዋት የክልሉን፣ ከሰዓት የፌዴራሉን ካባ ለብሶ ይቀመጣል እንደማለት ነው። በአንዳንድ ክልሎች ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ተወስኗል፤ አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላ፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝና በጊዜው የደቡብ ክልል።

ልዩነቱ የሚታየው በይግባኝ ላይ ነው። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና የሰጠው ፍርድ ይግባኙ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌዴራል ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ግን ይግባኙ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ፍርድ ሲሰጥ «በየትኛው ሥልጣን ነው ያያችሁት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በመዝገቡ ላይ መስፈሩንም ያረጋግጡ።

«ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከተጠራሁ ዝም ብል መዝገቡ ራሱ ወደ መደበኛው ይሄዳል»

ከላይ ፍርድ ቤት መዝገብ አይልክም ብዬ ነበር፤ ሕጉ ልዩ ያደረገው ቦታ ይኸውላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስን የመሰሉ ጉዳዮችን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ግልጽ ስምምነት ከሌለ መዝገቡን ሥልጣን ላለው መደበኛ የፌዴራል ፍርድ ቤት ያስተላልፋል። ችግሩ «ዝም ብል» ያለው ላይ ነው። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያለ በቂ ምክንያት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደተስማማ ይቆጠርና ጉዳዩ በሌለበት ይሰማል። የማይፈልግ ሰው ቀርቦ «አልፈቅድም» ማለት አለበት፤ ያቺ አንዲት ቃል ትበቃዋለች። አንዴ ከፈቀዱ በኋላ ግን ክርክሩ ሲጠብቅ ወደ መደበኛው ይዛወርልኝ ማለት አይቻልም። ስንት ሴቶች «ካልሄድኩ አያገኙኝም» ተብለው ተመክረው የውርስ ድርሻቸው በሌሉበት እንደተወሰነ ሳስብ ምክር የሰጣቸው ሰው ላይ እናደዳለሁ።

«ንብረቱ ሌላ ከተማ ከሆነ እንደገና እዚያ መክሰስ አለብኝ»

የለብዎትም። አዲስ አበባ የተፈረደለት ሰው የባለዕዳው ቤት ሐዋሳ ከሆነ፣ ፍርዱ ለአፈጻጸም ወደዚያ እንዲላክ የፈረደውን ፍርድ ቤት ይጠይቃል። የሚላከው ፍርዱ እንጂ ክርክሩ አይደለም። ባለዕዳው ሐዋሳ ላይ «ምስክሮቹ ዋሽተው ነው» ብሎ ቢጀምር የአፈጻጸሙ ችሎት አይሰማውም፤ የዚያ ቦታው ይግባኝ ነው።

ይህንኑ በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች ማንሳት አለብኝ። ዋሽንግተን፣ ሪያድ ወይም ቴል አቪቭ የፍቺና የንብረት ፍርድ ያገኙ ሰዎች «ፋይሉን ወደ አዲስ አበባ አዛውሩልኝ» ይላሉ። የሚዛወር ፋይል የለም፤ ያለው የውጭ አገር ፍርድ ይፈጸምልኝ የሚል አቤቱታ ነው፤ የሚቀርበውም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ ያስፈጽም እንደሆነ፣ ተሸናፊው ቀርቦ የመከላከል ዕድል አግኝቶ እንደነበር፣ ፍርዱ ከሕዝብ ሥርዓትና ሞራል ጋር ይጋጭ እንደሆነ ይመረምራል። ከአቤቱታው ጋር ሁለት ወረቀት ይያያዛል፦ የተረጋገጠ የፍርዱ ግልባጭ፣ እና ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል መሆኑን የዚያው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ወይም ሬጅስትራር የፈረሙበት የምስክር ወረቀት። ሁለተኛዋን ሰው ሁሉ ይረሳታል፤ አገር ቤት ገብቶ ሲጠየቅ ደግሞ እዚያ ያለ ዘመድ መለመን ይጀምራል። ከመሳፈርዎ በፊት ያውጧት።