የቤት እንስሳ ኢንሹራንስ ምንድን ነው?

ባለፈው ሰመር አንድ ቅዳሜ ጓሯችን ውስጥ በቆሎ ጠብሰን ነበር። እንግዳ በዝቶ፣ ልጆች እየሮጡ፣ ማን ምን እንደጣለ የሚያይ አልነበረም። ውሻችን መቻል ከሣር ላይ አንድ ቆረቆንዳ አንሥቶ ዋጠ። እሑድ ማታ ማስመለስ ጀመረው። ሰኞ ምግብ አልቀመሰም፤ የጠጣውንም ውሃ መልሶ ያወጣዋል። ሲመሽ ሜሪላንድ ውስጥ ሌሊትም ወደሚሠራ አንድ የእንስሳት ሆስፒታል ይዘነው ሄድን።

ራጅ ተነሣ። ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችና ቆረቆንዳው የት ጋ እንደተቀረቀረ፣ ከሱ በላይ ያለው አንጀት እንዴት እንደተነፋ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችን። ቀጥሎ አንዲት ረዳት ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች። የደም ምርመራ፣ ግሉኮስ፣ ማደንዘዣ፣ ቀዶ ጥገና፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ሁለት ሌሊት መኝታ። ዝቅተኛው ግምት 5,200፣ ከፍተኛው 6,800 ዶላር። ከመጀመራቸው በፊት ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋሉ። «ኢንሹራንስ አለው?» አለችን። አልነበረውም። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ በስልኬ ልገዛለት ሞከርኩ።

አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ይህን የምጽፈውም ሌላው ሰው ውሻው ወይም ድመቱ ጤነኛ እያለ እንዲያውቀው ነው።

ነገሩን ለመያዝ ከእድር መነሣት ይቀላል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይዋጣል። ሐዘን የደረሰበት ቤት ድንኳኑም ገንዘቡም ይመጣለታል። ያልደረሰበት ግን ዓመቱ ሲያልቅ መዋጮዬን መልሱልኝ አይልም። ሰው ከሞተ በኋላ መጥቶ መዝግቡኝ የሚልም የለም። የቤት እንስሳ ኢንሹራንስም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። በየወሩ አረቦን ትከፍላለህ፤ እንስሳው ሲታመም ወይም አደጋ ሲደርስበት ኩባንያው የሕክምናውን ከፊል ወጪ ይሸፍናል። ልዩነቱ እድር የጎረቤት፣ ይኼ የነጋዴ መሆኑ ነው። ስለዚህ ውሉን ማንበብ ግድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከራሱ የጤና ኢንሹራንስ ጋር ሲያመሳስለው ነው። እኛ ሐኪም ቤት ስንሄድ ካርድ እናሳያለን፤ ሂሳቡን ሆስፒታሉና ኢንሹራንሱ ይጨራረሱታል። የውሻው ግን እንደዚያ አይደለም። በሕግ ዓይን ውሻ ንብረት ነው። ኢንሹራንሱም ከመኪናና ከቤት ኢንሹራንስ ጎራ ነው የሚመደበው። ስለዚህ በአብዛኛው ሙሉውን ሂሳብ መጀመሪያ አንተ ከኪስህ ትከፍላለህ፤ ከዚያ ደረሰኙንና የሕክምና ማስታወሻውን ልከህ ተመላሽ ትጠይቃለህ። ጥሩ ጎኑ ወደ ፈለግኸው ሐኪም መሄድ መቻልህ ነው። መጥፎ ጎኑ ኢንሹራንስ ይዘህም በዚያች ሌሊት 6,000 ዶላር የምትከፍልበት ካርድ ማስፈለጉ ነው። ለሆስፒታሉ በቀጥታ የሚከፍሉ ኩባንያዎች አሉ፤ ጥቂት ናቸው። ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ይሁን።

ሂሳቡ በሦስት ቁጥሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ዲዳክቲብል ነው፤ ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት አንተ የምትችለው ገንዘብ። ሁለተኛው ከቀረው ላይ የሚመለስልህ ፐርሰንት ነው፤ ብዙውን ጊዜ 70፣ 80 ወይም 90። ሦስተኛው የዓመቱ ጣሪያ ነው። የመቻልን ሂሳብ እንውሰድ። መጨረሻ ላይ 6,000 ዶላር ሆነ። ዲዳክቲብሉ 500፣ ተመላሹ 80 ፐርሰንት ቢሆን ኖሮ ከ6,000 ላይ 500 ሲነሣ 5,500 ይቀራል፤ የሱ 80 ፐርሰንት 4,400 ዶላር ነው። እኔ የምችለው 1,600 ብቻ ይሆን ነበር። አንዳንድ ኩባንያ ደግሞ ፐርሰንቱን መጀመሪያ አስልቶ ዲዳክቲብሉን በኋላ ይቀንሳል። ያኔ የሚመለሰው 4,300 ነው። የዓመቱ ጣሪያ 3,000 የሆነ ርካሽ ውል ገዝቼ ቢሆን ግን ከ3,000 በላይ አላገኝም ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ ዲዳክቲብሉን ከፍ አድርጎ ጣሪያውን ሰፊ መያዝ ይሻላል። 500 ዶላር ቤተሰብ አይበትንም። ከጣሪያ በላይ የሚመጣው ነው የሚያናጋው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ቀድሞ የነበረ ሕመም አይሸፈንም። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሌላው ሁሉ በላይ ሰው ታስለቅሳለች። ከመግዛትህ በፊት ምልክቱ የታየ ሕመም፣ ስም ባይወጣለትም እንኳ፣ ቀድሞ የነበረ ይባላል። ክሌም (የተመላሽ ጥያቄ) ስታስገባ ኩባንያው ከሐኪምህ ሙሉ የሕክምና ፋይሉን ያስመጣል። ከሁለት ዓመት በፊት «በግራ የኋላ እግሩ ትንሽ ያነክሳል» ተብሎ የተጻፈች መስመር ካለች ዛሬ የጉልበቱ ጅማት ሲበጠስ እሷው ትጠቀሳለች። አንዳንዱ ውል ግራው ጉልበት ቀድሞ ተጎድቶ ከነበረ ቀኙንም አልሸፍንም ይላል። ውሻ አንዱ ጉልበቱ ከሄደ ሌላውም ብዙ ጊዜ ስለሚከተል ነው።

በዚያ ላይ የመጠበቂያ ጊዜ አለ። ለሕመም ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ነው። ለአደጋ ያጥራል። ለጉልበት ጅማት ግን እስከ 6 ወር የሚያስጠብቁ አሉ። እኔ ያን ሌሊት ብገዛውም ምንም እንደማይፈይድልኝ የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። ቆረቆንዳው ገብቷል፤ ማስመለሱ እሑድ ጀምሯል።

ከዚህም የሚከተል ወጥመድ አለ። አረቦኑ እንስሳው ባረጀ ቁጥር፣ የሕክምና ዋጋም በጨመረ ቁጥር በየዓመቱ ይወጣል። ተናደህ ኩባንያ ልቀይር ብትል እስከዚያ የታመመው ሁሉ ለአዲሱ ኩባንያ ቀድሞ የነበረ ይሆናል። ስኳር ያለበትን የ9 ዓመት ድመት ይዞ የትም መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ስትገዛ የዛሬውን ወርኃዊ ክፍያ ብቻ አትይ። ያው ዝርያ፣ ያው ሰፈር፣ ግን 10 ዓመት የሆነው ውሻ ስንት እንደሚከፍል ድረ ገጹ ላይ አስገብተህ እየው። ዋጋው በመኖሪያ ዚፕ ኮድም በዝርያም ይለያያል። እንደ ፍሬንች ቡልዶግ ያሉት፣ አፍንጫቸው የተደፈጠጠና ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ውድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ አደጋንም ሕመምንም የሚሸፍን ውል በአማካይ ለውሻ በዓመት ወደ 675፣ ለድመት ወደ 383 ዶላር ነበር።

የስቴቶች የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር በ2022 አንድ ሞዴል ሕግ፣ ማለትም ስቴቶች ከፈለጉ የሚያጸድቁት ናሙና፣ አውጥቷል። በርካታ ስቴቶችም ተቀብለውታል። በሕጉ መሠረት ሕመሙ ቀድሞ የነበረ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ኩባንያው ነው፤ አንተ አይደለህም። ክሌምህ ውድቅ ከሆነ ዝም አትበል። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ፤ ሐኪምህም ደብዳቤ ይጻፍልህ። የስቴትህ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤትም አቤቱታ ይቀበላል።

ለመሆኑ የሕክምናው ዋጋ ለምን እንዲህ ወጣ? አንዱ ምክንያት ደግ ነው። ዛሬ ለውሻ ኤምአርአይ አለ፣ ኪሞቴራፒ አለ፣ የልብ ስፔሻሊስት አለ። ድሮ «በቃ ይረፍ» ይባል የነበረው ዛሬ ይድናል፤ መዳኑ ግን ያስከፍላል። ሌላው ምክንያት የባለቤትነት ነው። በአንድ ሐኪም ስም የሚታወቁ የነበሩ ክሊኒኮች በትልልቅ ኩባንያዎች እየተገዙ ነው። ቸኮሌት በመሥራት የምናውቀው ማርስ ባንፊልድና ብሉፐርል የተባሉትን የእንስሳት ክሊኒኮች ይዞ፣ በ2017 ደግሞ ቪሲኤ የተባለውን የእንስሳት ሆስፒታሎች ድርጅት በ9.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። እንግሊዝ አገር የውድድር ባለሥልጣኑ ጉዳዩን ሲመረምር በ2013 ከክሊኒኮች 10 ፐርሰንቱ ገደማ ብቻ በትልልቅ ግሩፖች እጅ እንደነበሩ፣ አሁን ግን ወደ 60 ፐርሰንት እንደደረሱ አገኘ። ከ2016 እስከ 2023 ዋጋው በ63 ፐርሰንት ጨምሯል። ሰፈርህ ያለው ክሊኒክ የድሮ ስሙ በሩ ላይ እንዳለ ባለቤቱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ጠይቅ፤ ነውር የለውም።

ለእንስሳ ኢንሹራንስ መግባት አዲስ ነገር አይደለም። ስዊድኖች ፈረስና ከብት ኢንሹር ማድረግ የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ በ1924 ውሻም ጨመሩ። አሜሪካ የደረሰው በ1982 ነው። እኛም አገር ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በቦረና ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ለአርብቶ አደሩ ከብት የድርቅ ዋስትና ሸጧል። ሳተላይት ግጦሹ መድረቁን ሲያሳይ ክፍያ ይወጣል። እዚያ ከብት ማለት ኑሮ ነው፤ የኔ መቻል ደግሞ ልጆቼ አጠገቡ ካልተኙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ፍጥረት ነው። ሁለቱም ሲታጡ ይጎዳሉ።

«ታዲያ ልግዛ ወይስ በየወሩ ላስቀምጥ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። 8 ወይም 10 ሺህ ዶላር ለዚሁ ብሎ ማስቀመጥ የቻለ ሰው ኢንሹራንስ ላያስፈልገው ይችላል። እኛ ግን እንዲያ አይደለንም። በወር 50 ዶላር እያስቀመጥን ነበር። ቆረቆንዳው የመጣው በስምንተኛው ወር ነው፤ ያለን 400 ዶላር ነበር። ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት ኢንሹራንሱ ይሻላል፤ ገና ቡችላ እያለ። ክትባትና የዓመት ምርመራን የሚሸፍነውን፣ «ዌልነስ» የሚባለውን ተጨማሪ ግን አልመክርም። ክትባትና የዓመት ምርመራ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። የታወቀን ወጪ በየወሩ ለኩባንያ መክፈል ያንኑ ሂሳብ አስቀድሞ እንደመክፈል ነው። ደምረህ እየውና ከተረፈህ ብቻ ውሰድ።

ኢንሹራንስ የሌለው ሰውም እጁ ባዶ አይደለም። የግምት ወረቀቱ ሲመጣ «ዛሬ ማታ ግድ የሆነው የቱ ነው? ነገ ወደ ራሳችን ሐኪም ወስደን የምናሠራውስ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጥሩ ሐኪም አይቀየምም። ባለቤቴ በማግስቱ ይህንኑ ጠየቀች። መቻል መብላት ጀምሮ ስለነበር ሁለተኛው ሌሊት ቀረለት፤ ክትትሉንም ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ጨረሰው። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ብዙው የውሻ መድኃኒት የሰውም መድኃኒት ነው። ማዘዣውን ተቀብለህ ከተራ ፋርማሲ ብትገዛው ብዙ ይቀንሳል። ኬርክሬዲት በሚባለው የሕክምና ብድር ካርድ ያለ ወለድ የሚከፍል ደግሞ ቀኑን ይጠብቅ። በተባለው ወር ተከፍሎ ካላለቀ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታስቦ ይመጣል።

ከሁሉ የሚረክሰው እንዳይታመም ማድረግ ነው። የፓርቮ (ቡችላን የሚገድል የአንጀት ቫይረስ) ክትባት ካውንቲዎችና የእንስሳት መጠለያዎች በሚያዘጋጁት ቀን በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ፓርቮ የያዘው ቡችላ ግን ሆስፒታል ተኝቶ ሺዎች ይጨርሳል። የልብ ትል በትንኝ ነው የሚመጣው። በወር አንድ ኪኒን ይከላከለዋል። ከያዘው ግን ወራት የሚፈጅ የመርፌ ሕክምና ነው።

ስለ እኛ ማድ ቤት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ወጣችን ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም ያው ናቸው። ፋሲካ ቀን የዶሮ ወጥ ትራፊ ከነአጥንቱ የሚደፋለት ውሻ ሁለት አደጋ ባንድ ሳህን ቀረበለት ማለት ነው። ዘቢብ ኩላሊቱን ይጎዳል። ስኳር የሌለው ማስቲካ ውስጥ ያለው ዚሊቶል ጥቂቱም ለውሻ መርዝ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ነገሩን ስነግራት «ልጄ፣ እኛ ቤት ውሻ ያገኘውን ነው የሚበላው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንዳንዱ ለምን እንደሞተ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። በማግስቱ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እንዴት አደረ?» ብላ ነው፤ ስለ እኔ አልነበረም።

መቻል አሁን ኢንሹራንስ አለው። የገዛነው ስፌቱ እንደተፈታ ነው። የአንጀት መዘጋት ለ12 ወር አይሸፈንለትም። ኩባንያው ዳግም ምልክት ሳይታይበት ዓመት ከሞላው ያን ጊዜ እንደዳነ ይቆጥርለታል። ቀኑ ፍሪጁ ላይ ባለው ካላንደር ተከቦ ይታያል። በቆሎ ስንጠብስ ደግሞ ትልቋ ልጄ ክዳን ያለው ባልዲ ይዛ ትዞራለች፤ ቆረቆንዳውን ቆጥራ ነው የምትቀበለው።