ሳይደፈርስ አይጠራም

ባሕር ዳር ውስጥ ዕድር የበጠበጠም ባልና ሚስት ያጣላም «ሳይደፈርስ አይጠራም» ብሎ እጁን ይታጠባል። ተረቱ የመበጥበጥ ፈቃድ መስሎታል።

ምንጩ የክረምት ጎርፍ ነው የሚሉ አሉ፤ ጣናም ግልገል ዓባይ በሚያመጣው ደለል ይደፈርሳልና። እኔ ግን የጠላ ነው ባይ ነኝ። የምንጭ ውሃ ሳይደፈርስም የጠራ ነው፤ ሳይደፈርስ የማይጠራው ጠላ ነው። ጌሾ ከሚበቅልበት ከዘጌ አካባቢ ቢወለድም አይገርመኝም።

ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው በውሃ 2 ወይም 3 ቀን ይቆይና ብቅልና ቂጣ ገብቶበት ይጠነሰሳል። ከዚያ እንኩሮው ከጌሾ እንጨት ጋር ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ሲደርስ ውሃ ተሞልቶ ይማሰላል፤ ያን ጊዜ ጋኑ ከላይ እስከ ታች ይታወካል። እጅ መሰብሰብ ያለበት እዚህ ላይ ነው። አፉ ተከድኖ ካልተነካ አተላው ይዘቅጣል፣ ጠላው ይጠራል። ቸኩለው ከነቀነቁት እንደገና ይደፈርሳል፤ ክዳኑ ከላላ ደግሞ አየር ገብቶ ይኮመጥጣል።

መጥራት ከመደፍረስ በኋላ ይመጣል የሚለው ሐሳብ ለግኖስቲኮችም፣ መዳን በምስጢራዊ ዕውቀት ነው ይሉ ለነበሩት ጥንታውያን አማኞች፣ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 በላይኛው ግብፅ፣ ናግ ሐማዲ አጠገብ፣ ከማሰሮ ከወጡት የቅብጥ ጽሑፎች አንዱ ካለማወቅ የመጣ ጭንቀት እንደ ጉም ጠጥሮ ሰውን ማየት አሳጣው ይላል። ጉሙን የሚገፈው ማን እንደሆኑና ከወዴት እንደመጡ ማወቅ ነው። የጀርመናዊው ፈላስፋ የሃይደገር ተማሪ የነበረው ሃንስ ዮናስ የግኖስቲኮቹን ባይተዋርነት የሰውን ጭንቀትና ብቸኝነት ከሚመረምረው ከህልውናዊው ፍልስፍና ጋር አስተያይቶ ዝምድናውን አሳየ። የሥነ ልቡና ሊቁ ሮሎ ሜይም እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ሥራ ጭንቀትን ፊት ለፊት የገጠመ ያድግበታል ሲል ተከራከረ።

የግኖስቲኮችና የሥነ ልቡና ሊቆች መንገድ የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው። ለግኖስቲኩ ዓለም የበታች ፈጣሪ ስሕተት ናት፤ በሰው ውስጥ ያለው ብርሃን ከላይ የወደቀ ስለሆነ ማምለጥ አለበት። የሥነ ልቡና ሊቁ ካርል ሮጀርስ ግን የማደግ ዝንባሌው ከራሱ ከሰውየው ነው ብሎ ያምናል፤ የአማካሪው ድርሻ ሳይፈርድ ተቀብሎ ማዳመጥ ነው። ጠማቂዋ በግልጽ ከሮጀርስ ወገን ናት፦ ጥሩው ጠላ ከዚያው እህል ይወጣል፤ አተላውም ለከብት ይሰጣል እንጂ አይረገምም።

ሽማግሌዎች ባላጋራዎቹን ሰምተው ቀጠሮ የሚሰጡት ነገሩ እንዲዘቅጥ ነው፤ ተረቱ በእነሱ አፍ ያምራል። ልጁን ለቀበረ ሰው ግን ጨርሶ አይባልም። እሱ ላይ ያልታወከ ምን ቀርቶ ነው ደግሞ የሚማሰለው?