ለዴሞን የሚወጣ አስገዳጅ የመዳረሻ ፖሊሲ

አስገዳጅ የመዳረሻ ቁጥጥር በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የትኛው ፕሮግራም ምን መንካት እንደሚችል በከርነሉ (በሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ በተጫነ ፖሊሲ የሚወሰንበት አሠራር ነው። በተለመደው የፈቃድ ሥርዓት የፋይሉ ባለቤት ለፈለገው ይፈቅዳል፣ ሩት የተባለው የበላይ ተጠቃሚ ደግሞ ሁሉን ይችላል። እዚህ ግን ሩት ሆኖ ከበስተጀርባ የሚሠራ ዴሞን እንኳ ፖሊሲው ካልፈቀደለት አንዲት ፋይል አይከፍትም።

የጎንደር አንባቢ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። የፋሲል ግቢ አጥር 12 በሮች አሉት፤ ብዙዎቹም የሚጠሩት በሚገባባቸው ሰው ሥራ ነው፦ ወምበር በር ለዳኞች፣ ባልደራስ በር ለፈረሰኛ አዛዦች፣ እምቢልታ በር ለሙዚቀኞች፣ አደናጋር በር ለጥጥ ፈታዮች። ይህን ቁጥጥር በሊኑክስ ላይ የሚያስፈጽመው ሴሊኑክስም ዴሞኑን የሚመዝነው በተመደበለት ሥራ ነው። ልዩነቱ፣ ሴሊኑክስ ለሚገባው ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፋይልና ፖርትም (የኔትወርክ መግቢያ ቁጥር) ሌብል፣ ማለትም መለያ፣ ይለጥፋል፤ ፖሊሲው የትኛው ሌብል ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ይዘረዝራል፤ ያልተዘረዘረው ሁሉ ክልክል ነው።

ሴሊኑክስን የሠራው የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ ሲሆን ለሕዝብ የተለቀቀው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2003 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ።

ብዙ ጊዜ «ተከልክሏል» የሚለው መልእክት የሚመጣው ፖሊሲ ጎድሎ ሳይሆን ሌብል ተሳስቶ ነው። ጎንደር ላይ የአንድ ክሊኒክ ሰርቨር የያዘ አድሚን ገጾቹን በራሱ ሆም ፎልደር አዘጋጅቶ ወደ ዌብ ሰርቨሩ ፎልደር በሙቭ ቢያዛውራቸው፣ የድሮ ሌብላቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ኮፒ ቢያደርጋቸው ግን የአዲሱን ፎልደር ሌብል ይወርሳሉ። ባለቤቱ ትክክል፣ ፈቃዱ ትክክል፣ ገጹ ግን አይከፈትም። መፍትሔው ትክክለኛውን ሌብል የምትመልሰው ሪስቶርኮን የተባለች አጭር ትእዛዝ ናት። ዳታቤዙ ቦታ ጠቦት ወደ ሌላ ዲስክ ከሄደ ደግሞ አዲሱ ፎልደር የሚገባው ሌብል አስቀድሞ የፖሊሲ ቅንብርን በሚቀይረው ሴማኔጅ በተባለ ትእዛዝ ይመዘገባል፣ ከዚያ ሪስቶርኮን ይከተላል። ሌብልን በቀጥታ የሚቀይረው ችኮን የተባለ ትእዛዝ ፈጣን ቢሆንም ለውጡን የትም አይመዘግብም፤ ሙሉ ሪሌብል (የሁሉም ፋይል ሌብል እንደገና መለጠፍ) ሲደረግ ለውጡ ይጠፋል። ያልተለመደ ፖርትም በሴማኔጅ ይፈቀዳል።

የተለመደው አቋራጭ ግን ሴትኢንፎርስ ዜሮ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ሁሉንም መልቀቅ ነው። ይህ የሚቆየው ማሽኑ እንደገና እስኪነሣ ብቻ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቨሩ በማዋቀሪያ ፋይሉ መሠረት ወደ ማስገደድ ይመለሳል፣ የተደበቀው ችግርም ማንም ባልጠበቀው ሰዓት ይወጣል። ይልቅ በሴማኔጅ የዚያን አንድ ዴሞን ዶሜይን (የሚሠራ ፕሮግራም የሚይዘው ሌብል) ብቻ ወደ ፐርሚሲቭ፣ ማለትም ሳይከለክል ወደሚመዘግብ ሁኔታ፣ ማውረድ ይቻላል፤ ሌላው ጥበቃ እንዳለ ይቆያል።

በቤት ውስጥ የተጻፈ ዴሞን ዝግጁ ፖሊሲ የለውም፤ ዴሞኖችን በሚያስነሣው ሲስተምዲ ሲነሣም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ገደብ ይሮጣል። ሴፖሊሲ የተባለው መሣሪያ መነሻ ረቂቅ ያወጣለታል፤ በውስጡ ዋናው ነገር የፕሮግራሙ ፋይል ሲጀመር ወደ ራሱ ዶሜይን እንዲሸጋገር የሚያዘው ሕግ ነው። ከዚያ ዴሞኑን በፐርሚሲቭ እያሠሩ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ማውጣትንና ሎግ ማሽከርከርን የመሰሉ አልፎ አልፎ የሚመጡ ሥራዎችን ሳይቀር አስጀምሮ ሎጉን (ክልከላዎች የሚጻፉበትን መዝገብ) ማንበብ ነው። ኦዲት ቱ አላው የተባለው መሣሪያ ሎጉን ወደ ሕግ ይቀይራል፤ ዳኛ ግን አይደለም፣ የተጠየቀውን ሁሉ ይፈቅዳል። ያወጣውን መስመር በመስመር ያላነበበ ሰው ባይጠቀምበት ይሻላል። ሎጉ ዝም ብሎ ዴሞኑ ካልሠራ፣ ክልከላን ከሎግ የሚደብቁ ሕጎች ስላሉ ሴሞጁል በተባለው ትእዛዝ እነሱን ለጊዜው ማንሣት ያስፈልጋል።

ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚጠቀም ሰው በሴሊኑክስ ፈንታ የሚያገኘው በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ ከርነሉ የገባውን አፕአርመርን ነው። እሱ በፋይል አድራሻ ስለሚሠራ ሌብል የለውም፣ ለመማርም ይቀላል፤ ዳታው ወደ ሌላ ዲስክ ሲዛወር ግን የዴሞኑ ፕሮፋይል (የፈቃዱ ዝርዝር) አዲሱን አድራሻ እንዲያውቅ ታርሞ እንደገና መጫን አለበት።