ሌንድ ሊዝ፦ አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት

ሌንድ ሊዝ አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወዳጅ አገሮች የጦር መሣሪያ፣ ምግብ፣ ነዳጅና ማሽን ቅድሚያ ክፍያ ሳትጠይቅ ያቀረበችበት ፕሮግራም ነው። ሕጉን ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ማርች 11 ቀን 1941 ፈረሙት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ራሷ ወደ ጦርነቱ የገባችው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። ከወታደሩ በፊት የዘመተው ፋብሪካው ነበር።

ከ1935 ጀምሮ የወጡት የገለልተኝነት ሕጎች ለተዋጊ አገሮች መሣሪያ መሸጥን ይከለክሉ ነበር። በ1939 ነገሩ ላላ ተደረገ። የፈለገ አገር በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ፣ በራሱ መርከብ ጭኖ እንዲወስድ ተፈቀደ። እንግሊዝ በዚህ መንገድ ስትገዛ ቆይታ በ1940 መጨረሻ ካዝናዋ ተራቆተ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ይህንኑ ለሩዝቬልት በረጅም ደብዳቤ አስረዱ። ሩዝቬልትም ዲሴምበር 17 ቀን ጋዜጠኞችን ሰብስበው አንድ ምሳሌ ነገሯቸው። የጎረቤትህ ቤት በእሳት ሲያያዝ የአትክልት ማጠጫ ጎማህን ትሰጠዋለህ እንጂ «15 ዶላር ነው የገዛሁት፣ መጀመሪያ ክፈለኝ» አትለውም፤ እሳቱ ሲጠፋ ጎማህን ትቀበላለህ አሉ። ሕዝቡ ነገሩን የተረዳው በዚህ ነው።

ረቂቁ ሆን ተብሎ አሜሪካ ነፃነቷን ያወጀችበት ዓመት፣ 1776፣ ቁጥሩ ሆኖ ለምክር ቤት ቀረበ። ክርክሩ ሁለት ወር ያህል ወሰደ። ታዋቂው አብራሪ ቻርልስ ሊንድበርግ ምክር ቤት ቀርቦ ተቃወመ። አሜሪካ ፈርስት የተባለው ማኅበርም አገር ምድሩን ቀሰቀሰ። ተቃዋሚዎቹን ሁሉ የሂትለር ደጋፊ ማድረግ ግን ልክ አይደለም። ብዙዎቹ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሐዘን ገና ያልወጣላቸው ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ ሴኔቱ 60 ለ31 አሳለፈው። የመጀመሪያው በጀት 7 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ሥራው የታየው በፋብሪካና በመርከብ ግንባታ ቦታዎች ነው። ሚሺጋን ውስጥ የፎርድ ዊሎው ራን ፋብሪካ በ1944 ሥራው ሲጧጧፍ በሰዓት አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያወጣ ነበር። ካሊፎርኒያ፣ ሪችመንድ ላይ ደግሞ የሄንሪ ካይዘር ሠራተኞች የመርከቡን ክፍሎች ለየብቻ ሠርተው በክሬን እያነሱ በብየዳ ያገጣጥማሉ። ሮበርት ፒሪ የተባለችውን ሊበርቲ የሚሉት ዓይነት የጭነት መርከብ በኖቬምበር 1942 በ4 ቀን ከ15 ሰዓት ለባሕር አበቋት። እርግጥ ይህ ለማስታወቂያ የተደረገ ነው፣ የየዕለቱ ሥራ እንዲህ አልፈጠነም። ቢሆንም እስከ ጦርነቱ ማብቂያ 2,710 የሊበርቲ መርከቦች ተሠርተዋል፤ የሚያስደንቅ ነው።

ሥራ አጥነት በ1940 ከነበረበት 14.6 በመቶ በ1944 ወደ 1.2 በመቶ ወረደ። ሚሊዮኖች ሴቶች ፋብሪካ ገቡ። የመኪና ጎማ፣ ስኳር፣ ቡናና ቤንዚን በኩፖን ሆነ። ጥቁሮች ግን መጀመሪያ ላይ በሩ ተዘግቶባቸው ነበር። የሠራተኛ ማኅበር መሪው ፊሊፕ ራንዶልፍ ሰልፈኛ ይዤ ዋሽንግተን እገባለሁ ብሎ ሲያስጠነቅቅ ነው ሩዝቬልት በጁን 1941 በመከላከያ ፋብሪካዎች የዘር አድልዎን የሚከለክል ትእዛዝ ያወጡት። እኚሁ ፕሬዚዳንት በፌብሩዋሪ 1942 በፈረሙት ሌላ ትእዛዝ ደግሞ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ ገቡ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ።

ሶቪየት ኅብረት 400,000 ገደማ የጭነት መኪናና ጂፕ አግኝታለች። ያለዚህ ትሸነፍ ነበር የሚሉ አሉ። የሶቪየት ጸሐፊዎች በበኩላቸው ድርሻውን ያሳንሱት ነበር። አብዛኛው ዕርዳታ የደረሰው ሶቪየቶች በስታሊንግራድ ከተማ ጀርመኖችን ድል ካደረጉ በኋላ መሆኑ ግን አይካድም።

ከፋሺስት ወረራ ከሌሎች ቀድማ ነፃ የወጣችው ኢትዮጵያ በዲሴምበር 1942 ተጠቃሚ እንድትሆን ተፈቀደላት። በጊዜው እንግሊዞች በ1942 ከኢትዮጵያ ጋር ባደረጉት ስምምነት አገሪቱ ላይ እጃቸውን አስረዝመው ነበር። ስለዚህ የአሜሪካ በር መከፈት ትልቅ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ባለሥልጣን የነበሩት ይልማ ዴሬሳ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ተደራደሩ፤ ስምምነቱም በኦገስት 1943 ተፈረመ። አባቶቻችን የሚያስታውሱት ከብር ማዕድን የተሠራው ሃምሳ ሳንቲም፣ ማዕድኑ የመጣው በሌንድ ሊዝ ነው፤ ሳንቲሙም አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ላይ ተመትቷል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሩዝቬልት ጋር የተገናኙት ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 በግብፅ፣ በስዊዝ ቦይ መስመር ባለው መራራ ሐይቅ ላይ፣ ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ውስጥ ነው። ይህ እንግሊዞችን አላስደሰተም ይባላል።

ጃፓን እንደተሸነፈች ፕሬዚዳንት ትሩማን ፕሮግራሙን በአንድ ጊዜ አቋረጡት። የወጣው 50 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ ከ31 ቢሊዮን በላዩ ለእንግሊዝና ለግዛቶቿ፣ 11 ቢሊዮኑ ለሶቪየት ሄዷል። አብዛኛው ዕዳ ተሰርዟል። እንግሊዝ ግን ባዶ እጇን ስለቀረች በ1946 በ2 በመቶ ወለድ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። የመጨረሻውን ክፍያ የፈጸመችው በ2006 መጨረሻ ነው።